የሽንት ቤት ፍላሽ ታንክ ሲያፈስ፦ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ውሃውን ጠይቁት

እኛ ቤት ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ 500 ሊትር ይይዛል። ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ለአራት ሰው፣ ተቆጥቦ፣ ከፈረቃ እስከ ፈረቃ ያደርሰን ነበር። አንድ ሰሞን ግን አላደርስ አለ። ቧንቧውን ስንከፍት ትንሽ ይንጣጣና ዝም ይላል። እናቴ ልብስ የምታጥበውን እህቴን ተቆጣች። እህቴ ደግሞ ሻወር ውስጥ የሚቆየውን ታናሽ ወንድማችንን ወቀሰች። ሁሉም ሌላው ላይ ጣት ቀሰረ።

አንድ ሌሊት መብራት ጠፋ። ፍሪጁም ዝም አለ። ያኔ ከሽንት ቤት በኩል ቀጭን የ«ሽሽሽ» ድምፅ ሰማሁ። ገብቼ በስልኬ መብራት አየሁ። ወለሉ ደረቅ ነው። ግድግዳው ደረቅ ነው። መቀመጫው ውስጥ ግን፣ ከኋላ በኩል፣ እንደ ክር የቀጠነ ውሃ እየወረደ ነበር። ታንኩ ያፈስሳል፣ መሙያው ይሞላል፣ ሮቶው ይጎድላል። ሌሊቱን ሙሉ፣ ቀኑን ሙሉ።

በማግስቱ ለካሁት። የታንካችን ውስጡ ወደ 36 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 14 ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው። ስለዚህ ውሃው 1 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ሲል ግማሽ ሊትር ያህል ሄደ ማለት ነው። መግቢያውን ዘግቼ በእርሳስ ምልክት አደረግሁ። በግማሽ ሰዓት 4 ሴንቲ ሜትር ወረደ። ይህ 2 ሊትር ነው። በሰዓት 4 ሊትር፣ በቀን 96 ሊትር። አምስት ጄሪካን ሊሞላ ምንም አልቀረውም! በሁለት ቀን ከ500ው ሊትር 192ቱ ማንም ሳይነካው ወደ ፍሳሽ ይሄድ ነበር። እናቴ እህቴን ይቅርታ ጠየቀች። እኔም ከዚያ ወዲህ የዘመድ ቤት ስሄድ ሽንት ቤት ገብቼ ጆሮዬን ሳልጥል አልመለስም።

ይህን የምጽፈው ሥራው ከባድ ስላልሆነ ነው። አብዛኛው ፍሳሽ ቤት ውስጥ ባለ መሣሪያ፣ በአንድ ጠዋት ይስተካከላል። ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው ብልሽቱን ሳይለይ ሱቅ ሲሄድ ነው። ከላይ ያለው መሙያ ተበላሽቶ ሳለ የታች ጎማ ይገዛል። ጎማው ቆሽሾ ብቻ ሳለ ሙሉ የውስጥ ዕቃ ይቀይራል። ስለዚህ የዚህን ጽሑፍ ግማሽ ለመለየት ሰጥቼዋለሁ።

ታንኩ ውስጥ ምን አለ?

ክዳኑን አንሱ። በአዳዲሶቹ ላይ መጫኛ ቁልፉ ክዳኑ መሃል ስላለ፣ በዙሪያው ያለውን ቀለበት ወደ ግራ አዙራችሁ ፍቱ፤ ከዚያ ክዳኑ ይነሳል። ክዳኑን ግድግዳ ላይ አታስደግፉት። ወለል ላይ ጨርቅ አንጥፋችሁ አስተኙት። ሴራሚክ ነው፤ አንዴ ከተሰነጠቀ ለብቻው፣ በልኩና በቀለሙ ማግኘት ራስ ምታት ነው።

ውስጡን ስታዩ ሦስት ነገር ለዩ።

አንደኛው መሙያው ነው። በአንድ በኩል ቆሞ ውሃ የሚያስገባው። ተንሳፋፊ አለው፤ ብዙ ሰው ፍሎተር ይለዋል። በድሮዎቹ ተንሳፋፊው በረጅም ክንድ ጫፍ ላይ ያለ ኳስ ነው። በአዲሶቹ መሙያውን ታቅፎ ወይም ከጎኑ ሆኖ ከፍ ዝቅ የሚል ትንሽ የፕላስቲክ ኩባያ ነው። ውሃው ሲሞላ ተንሳፋፊው ይነሳል፣ ሲነሳ መግቢያውን ይዘጋል።

ሁለተኛው መልቀቂያው ነው፤ መሃል ላይ የቆመው። ስትጫኑት ተነስቶ ውሃውን ወደ መቀመጫው ይለቃል። ከሥሩ የጎማ ወይም የሲሊኮን ቀለበት አለ። የታንኩ ውሃ በሙሉ የተቀመጠው በዚህች ቀለበት ላይ ነው።

ሦስተኛው ትርፍ ማስወጫው ነው። አፉ ክፍት የሆነ የቆመ ቱቦ። ብዙ ጊዜ ከመልቀቂያው ጋር አንድ አካል ነው። መሙያው አልዘጋ ሲል ውሃው ወለል ላይ እንዳይፈስ በዚህ በኩል ወደ መቀመጫው ይወርዳል። ደግ ሥራ ነው የሚሠራው፤ ግን ብልሽቱንም ይደብቅብናል።

ውሃውን ጠይቁት

መጀመሪያ ታንኩ ሞልቶ ሲጨርስ ትርፍ ማስወጫውን እዩ። ውሃው በአፉ እየገባ ነው? እንግዲያው ጥፋቱ የመሙያው ነው። የታችኛውን ጎማ አትንኩት።

ውሃው ከአፉ በታች ቆሞ ሳለ መቀመጫው ውስጥ ከወረደ ደግሞ ወደ ሚቀጥለው ፈተና እለፉ። ግድግዳው ላይ፣ ወደ ታንኩ የሚሄደው ቱቦ የሚነሳበት ቦታ፣ ትንሽ መዝጊያ አለ። አንግል ቫልቭ ይባላል። ወደ ቀኝ አዙራችሁ ዝጉት። የውሃውን ከፍታ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ፍላሽ ሳታደርጉ 30 ደቂቃ ጠብቁ።

ውሃው ከቀነሰና ወለሉ ደረቅ ከሆነ በመልቀቂያው በኩል እየሾለከ ነው። የቀነሰውን ሴንቲ ሜትር በታንካችሁ ርዝመትና ስፋት አባዙት፤ በ1,000 ስታካፍሉት በሊትር ታገኙታላችሁ። ውሃው አንድ ከፍታ ላይ ደርሶ ከቆመና ከዚያ በታች ካልወረደ ቀዳዳው እዚያው ከፍታ ላይ ነው። ለምሳሌ ትርፍ ማስወጫ ቱቦው መሃል ላይ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ሲሆን የታች ጎማ ብትቀይሩ ምንም አይለወጥም። ምንም ካልቀነሰ ደግሞ ወደ መሙያው ተመለሱ። በተለይ ሌሊት የውሃ ግፊት ሲጨምር ብቻ የሚያንጠባጥብ መሙያ አለ። ቀን ላይ ስታዩት ደህና ይመስላል።

ፍሳሹ በጣም ትንሽ ከሆነ በዓይን መለየት ያስቸግራል። ያኔ ቀለም ይረዳል። እኔ የምጠቀመው ቀይ ሥር የተቀቀለበትን ውሃ ነው። አንድ ኩባያ ታንኩ ውስጥ ጨምሩና ግማሽ ሰዓት ተዉት። መቀመጫው ውስጥ ያለው ውሃ ከቀላ መልቀቂያው ያሳልፋል ማለት ነው። ስትጨርሱ ፍላሽ አድርጉት፤ አይቆይም።

ወለሉ ላይ ውሃ ካለ ሌላ ነገር ነው። ታንኩን ከውጭ በጨርቅ አድርቁ። ከዚያ ደረቅ ሶፍት እያስጠጋችሁ ከላይ ወደ ታች ፈትሹ፦ መጀመሪያ ቱቦው ታንኩ ላይ የሚታሰርበት ዳዶ፣ ቀጥሎ የታንኩ ብሎኖች፣ ከዚያ ታንኩና መቀመጫው የሚገናኙበት ቦታ። ሶፍቱ መጀመሪያ የረጠበበት ቦታ ምንጩ ነው። ከታች አትጀምሩ፤ ውሃ ከላይ ወርዶ ታች ስለሚንጠባጠብ ያሳስታችኋል። ታንኩ በሙሉ ከውጭ ላብ የያዘው ከመሰለ ደግሞ ፍሳሽ ላይሆን ይችላል። ሻወር በእንፋሎት ሲሞላ ቀዝቃዛ ታንክ ላይ ጤዛ ይይዛል። መስኮት ክፈቱ፣ አድርቁትና እንደገና እዩ።

ከመጀመራችሁ በፊት

ሥራውን ውሃ ባለበት ቀን፣ ሱቅ ክፍት በሆነበት ሰዓት ጀምሩ። በፈረቃ የምትኖሩ ከሆነ ይህ ዋናው ምክሬ ነው። ታንኩን ባዶ አድርጋችሁ፣ የውስጥ ዕቃውን ፈትታችሁ፣ ሮቶው ባዶ ሆኖ እሑድ ማታ ላይ መገኘት አያስፈልግም። ሁለት ባልዲ ውሃ አስቀድማችሁ ያዙ። ከታንኩ የምትቀዱትንም ውሃ አትድፉት፤ ለወለል ይሆናል።

የሚያስፈልጋችሁ ዕቃ፦ የሚስተካከል መፍቻ፣ ፒንሳ፣ ካቻቪቴ፣ ያረጀ የጥርስ ብሩሽ፣ ስፖንጅ፣ ጨርቅ፣ ጎድጓዳ ሳህንና የስልክ መብራት። የቧንቧ ጥርስ ላይ የሚጠመጠመው ስስ ነጭ ጥቅልል፣ ቴፍሎን፣ ቢኖር ጥሩ ነው፤ ግን በሁሉም ቦታ አይደለም የሚጠመጠመው። ወደ እሱ እመጣለሁ።

አንግል ቫልቩ አልዞር ካለ በጉልበት አትታገሉት። ውስጡ ዝጎ ከሆነ ሊሰበርና ቤቱን ሊያጥለቀልቀው ይችላል። ከቆጣሪው አጠገብ ያለውን ዋና ማቋረጫ ወይም የሮቶውን መውጫ ዝጉ። ለጊዜው መሙያውን ብቻ ማስቆም ከፈለጋችሁ ታንኩ አፍ ላይ እንጨት አጋድሙና ተንሳፋፊውን ወደ ላይ ስባችሁ በክር እሰሩት። ሱቅ ደርሳችሁ እስክትመለሱ ያቆየዋል።

መልቀቂያው ሲያሳልፍ

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ይህ ነው፤ የእኛም ይኸው ነበር። ምክንያቱ ከሦስቱ አንዱ ነው፦ ቆሻሻ፣ ያረጀ ጎማ ወይም መልቀቂያውን ተጭኖ የሚይዝ ዘንግ።

ዘንጉን አስቀድሙት፤ ምንም መፍታት አይፈልግም። ባለ ሁለት ቁልፍ ታንክ ላይ ከቁልፎቹ ሥር ወደ ታች የሚወርዱ ሁለት የፕላስቲክ ዘንጎች አሉ። ከረዘሙ ክዳኑ ሲገጠም መልቀቂያውን ሁልጊዜ በጥቂቱ ተጭነው ይይዙታል። ክዳኑን አንስታችሁ ፍሳሹ ከቆመ፣ ስትመልሱት ከጀመረ፣ ጥፋቱ የዘንጉ ነው። ዘንጉን እያዞራችሁ አሳጥሩት። ቁልፉ ሲነካ ትንሽ ላላ ማለት አለበት። በድሮዎቹ ባለ እጀታ ታንኮች ላይ ደግሞ ሰንሰለቱን እዩ። ከተወጠረ ጎማውን አንስቶ ይይዘዋል። በጣም ከረዘመም ጎማው ሥር ይገባል። አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ላላ ይበል።

ዘንጉ ደህና ከሆነ ውስጡን እንክፈት።

1. አንግል ቫልቩን ዝጉ። ፍላሽ አድርጉ። የቀረውን ውሃ በስፖንጅ አውጡ።

2. ከመንካታችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሱ። የቱ ቱቦ የት እንደነበር ሲጠፋችሁ በኋላ ታመሰግኑኛላችሁ።

3. ወደ ትርፍ ማስወጫው የሚሄደውን ቀጭን ቱቦ ንቀሉ። መልቀቂያውን በሁለት እጅ ይዛችሁ ሩብ ዙር ወደ ግራ አዙሩና ወደ ላይ ሳቡት። አብዛኞቹ አዳዲሶች እንዲህ ይወጣሉ፤ የሚያርፉበት የፕላስቲክ መሠረት ታንኩ ውስጥ ይቀራል። አንዳንዶቹ በጎን ያሉ ሁለት መያዣዎችን ጫን ስትሏቸው ነው የሚለቁት። አልወጣ ካለ አትገንጥሉት፤ መያዣውን ፈልጉ።

4. ከሥሩ ያለውን ቀለበት በጣታችሁ ዳስሱት። ጣታችሁ ጥቁር ከሆነ ጎማው እየሟሟ ነው፤ ይቀየር። ከደረቀ፣ ከተጣመመ ወይም ዙሪያውን ሰርጎ የገባ መስመር ካበጀም ጊዜው አልፏል። ለስላሳና ጤነኛ ከሆነ በለብ ያለ ውሃና በሳሙና እጠቡት።

5. ቀለበቱ የሚያርፍበትን ጠርዝ ታንኩ ውስጥ አጽዱ። ብዙ ሰው ይህን ይዘላል፤ ከዚያ አዲሱ ጎማም ያፈስስበታል። በጥርስ ብሩሽና በስፖንጅ ለስላሳ ክፍል ፈትጉት። የብረት ሽቦ አትጠቀሙ፤ የሚፈጥረው ጭረት ራሱ የውሃ መንገድ ይሆናል። በጣታችሁ ዙሩት። ሸካራ ነገር ሊሰማችሁ አይገባም።

6. መልሳችሁ ግጠሙት፤ ሩብ ዙር ወደ ቀኝ፣ ቦታውን ሲይዝ ይሰማችኋል። ውሃ ክፈቱና የእርሳሱን ፈተና ድገሙ።

አሮጌው ቀለበት ከሁለቱም ወገን ጠፍጣፋ ከሆነ ገልብጣችሁ ግጠሙት። ያልተበላው ገጹ ወደ ታች ሲመጣ አዲስ እስኪገኝ ድረስ ይሠራል። እኛ ቤት ሁለት ወር ሠርቷል።

እንደ ድሬዳዋ ውሃው ጨዋማና ነጭ ቅርፊት የሚያበጅ በሆነበት ከተማ፣ ማንቆርቆሪያችሁ ሥር የሚጋገረው ነገር መልቀቂያው ጠርዝ ላይም ይጋገራል። ይህ በሳሙና አይለቅም። ጨርቅ በአቼቶ ነክራችሁ ጠርዙ ላይ ለአንድ ሰዓት አስቀምጡ፤ ከዚያ ፈትጉ። ጎማውን ግን አቼቶ ውስጥ አታሳድሩት። ደግሞም አቼቶ ከምታፈሱበት ቦታ በረኪና እንዳይኖር አደራ። ሁለቱ ሲገናኙ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። ሽንት ቤት ደግሞ ጠባብ ነው። ቀን ቀደም ብሎ በረኪና ፈስሶበት ከሆነ በውሃ ብዙ ጊዜ አጥቡት፤ መስኮትም ክፈቱ።

ስለ በረኪና ካነሳሁ አይቀር፣ ታንኩ ውስጥ አትጨምሩት። ለማጽጃ ተብለው ታንክ ውስጥ የሚቀመጡ ክሎሪን ያለባቸው እንክብሎችም ያው ናቸው። መቀመጫውን ነጭ ያደርጋሉ፤ ታንኩ ውስጥ ሲውሉ ሲያድሩ ግን ጎማውን ይበሉታል። የእኛን ጎማ ጥቁር ቀለም ያስተፋው ይህ ይመስለኛል። በረኪና የሚፈስሰው መቀመጫው ውስጥ ነው።

መሙያው አልዘጋ ሲል

ተንሳፋፊውን በእጃችሁ ወደ ላይ አንሱት። ውሃው ቆመ? እንግዲያው መሙያው ጤነኛ ነው፤ ከፍታው ብቻ ነው ያልተስተካከለው። በድሮው ባለ ኳስ ላይ ክንዱ ሥር ያለውን ብሎን በካቻቪቴ አስተካክሉ፤ የመዳብ ክንድ ከሆነ በጥንቃቄ ትንሽ ወደ ታች እጠፉት። በአዲሱ ላይ ከተንሳፋፊው ጎን ያለውን ቀጭን ዘንግ አዙሩ። ውሃው ከትርፍ ማስወጫው አፍ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ መቆም አለበት። ታንኩ ውስጥ የከፍታ መስመር ከተሠመረ እሱን ተከተሉ።

ኳሱን ደግሞ ፈትታችሁ ነቅንቁት። ውስጡ ውሃ ከተንቦጫረቀ ተሰንጥቋል ማለት ነው። ውሃ የገባው ኳስ አይንሳፈፍም። ይቀየር።

ተንሳፋፊው ተነስቶም ውሃው ካልቆመ መሙያው ውስጥ ቆሻሻ አለ ወይም ውስጡ ያለችው ትንሽ ጎማ አልቃለች። እዚህ ላይ የከተማችን ውሃ የራሱ ጠባይ አለው። ውሃ ለቀናት ጠፍቶ ሲመጣ መጀመሪያ የሚመጣው አየር፣ ዝገትና ደለል ነው። ያ ሁሉ ወደ መሙያው ጠባብ ቀዳዳ ይሮጣል። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ጎማዋ ሥር ከተቀመጠች መሙያው ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። ብዙ «ተበላሽቷል» ተብሎ የተጣለ መሙያ በሽታው አንዲት ቅንጣት ነበረች።

አጠባው እንዲህ ነው። አንግል ቫልቩን ዝጉ። የመሙያውን ጫፍ ክዳን፣ ብዙ ጊዜ ሩብ ዙር ወደ ግራ፣ ፍቱት። ጎማዋ የት በኩል እንደነበረች አስተውላችሁ አውጡና እጠቧት። ከዚያ በክፍቱ መሙያ አናት ላይ ብርጭቆ ወይም ኩባያ ገልብጣችሁ በእጅ አጥብቃችሁ ያዙ። ሌላ ሰው አንግል ቫልቩን ለጥቂት ሰከንድ ይክፈትና ይዝጋ። ውሃው ቆሻሻውን ይዞ ይወጣል፤ ኩባያው ደግሞ ጣሪያ እንዳይረጭ ያደርገዋል። ጎማዋን መልሱ፣ ክዳኑን ግጠሙ። ታንኩ በጣም ቀስ እያለ የሚሞላ ከሆነ ደግሞ ቱቦው ከመሙያው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ትንሽ ወንፊት ካለ አውጥታችሁ እጠቡት።

መልመድ ያለብን አንድ ነገር አለ። ውሃ ለረጅም ጊዜ ጠፍቶ ከቆየ አንግል ቫልቩን ዝጉት። ውሃው ሲመጣ በመጀመሪያ ሌላ ቧንቧ ከፍታችሁ ቡናማው በባልዲ ይውረድ። ሲጠራ አንግል ቫልቩን ክፈቱ።

ታጥቦም ካልሠራ ሙሉ መሙያው ይቀየራል። ውሃውን ዘግታችሁ ታንኩን አድርቁ። ከሥር ሳህን አስቀምጡና የቱቦውን ዳዶ ፍቱ። ቀጥሎ መሙያውን ታንኩ ላይ ያሠረውን ትልቁን የፕላስቲክ ዳዶ ፍቱ። በአንድ እጅ መሙያውን ከውስጥ ያዙት፤ አለበለዚያ አብሮ ይዞራል። አዲሱን ስታስገቡ ወፍራሟ ጎማ ታንኩ ውስጥ ትሁን እንጂ ውጭ አትሁን። ዳዶውን በእጅ አጥብቁና በመፍቻ ሩብ ዙር ብቻ ጨምሩ። ቀጭኑን ቱቦ ወደ ትርፍ ማስወጫው ስታስገቡ ጫፉ አፉ ላይ ይንጠልጠል። ወደ ውስጥ ጠልቆ ከታንኩ ውሃ ከፍታ በታች ከወረደ ውሃውን ሊስበውና አዲስ ፍሳሽ ሊፈጥር ይችላል።

በዝቅተኛ ግፊት ለምትኖሩ አንድ ነገር ልጨምር። ሮቶው ከታንኩ 3 ሜትር ከፍ ብሎ ከተቀመጠ የምታገኙት ግፊት 0.3 ባር ያህል ብቻ ነው። አንዳንድ አዳዲስ መሙያዎች ለመዝጋት ራሱን የውሃውን ግፊት ስለሚጠቀሙ፣ ግፊቱ ሲያንስ ያንጠባጥባሉ። ስትገዙ ውሃው ከሮቶ በራሱ ወርዶ እንደሚመጣ ለሻጩ ንገሩት።

ከውጭ ሲያፈስስ

ፍሳሹ ከቱቦው ዳዶ ከሆነ መጀመሪያ ትንሽ አጥብቁት። ካልቆመ ፍቱትና ውስጡ ያለችውን የጎማ ሮንዴላ፣ ጠፍጣፋዋን ቀለበት፣ እዩ። ፍሌክሲብል በሚባለው ሽቦ የለበሰ ተጣጣፊ ቱቦ ላይ ውሃውን የሚያግደው ይህች ሮንዴላ ነች፤ ቴፍሎን አይደለም። ሰው እዚህ ቴፍሎን እየደራረበ ይለፋል። ዳዶው ጠማማ ይይዝና የመሙያው የፕላስቲክ ጥርስ ይበላል። ቴፍሎን የሚያስፈልገው አንግል ቫልቩ ግድግዳው ውስጥ በሚገባበት ጥርስ ላይ ነው። እዚያም ከጥርሱ ጫፍ ፊት ለፊት ስታዩት በሰዓት አቅጣጫ ጠምጥሙት፤ ስትገጥሙት እንዳይተረተር። ፍሌክሲብሉ ራሱ ከዛገ ወይም ሽቦው ከተበጣጠሰ አትጠግኑት፣ ቀይሩት። የፈነዳ ፍሌክሲብል ሰው በሌለበት ቤት የሚያደርሰው ጉዳት ከዋጋው ጋር አይነጻጸርም።

ፍሳሹ ታንኩና መቀመጫው መካከል ከሆነ ሥራው ሰው ይፈልጋል፤ ታንኩ ከባድ ነው። ውሃውን በሙሉ አውጡ፣ ቱቦውን ፍቱ፣ ከሥር ያሉትን ሁለት ወይም ሦስት ብሎኖች ፍቱና ቀጥ አድርጋችሁ አንሱት። ፎጣ ላይ አስተኙት። መሃል ላይ ያለውን ትልቁን ወፍራም የጎማ ቀለበትና የብሎኖቹን ሮንዴላዎች አንድ ላይ ቀይሩ። ብሎን ከዛገም አብሮ ይቀየር። ስትመልሱ አንዱን ብሎን እስከ መጨረሻው አጥብቃችሁ ወደ ሌላው አትሂዱ። ይህን ትንሽ፣ ያንን ትንሽ፣ እያፈራረቃችሁ። ታንኩ ሳይነቃነቅ እኩል ከተቀመጠ በቃ። ሴራሚክ ሲሰነጠቅ አስቀድሞ አይነግራችሁም።

ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ከሆነ የውጭ ፍሳሽን ለነገ አትበሉት። ከወለላችሁ ሥር ያለው የጎረቤት ጣሪያ ነው። ውሃው በቧንቧው ዙሪያ ባለው ክፍተት ይሰርጋል፤ እናንተ ዘንድ ወለሉ በጨርቅ ይደርቃል፣ እነሱ ዘንድ ቀለሙ ይላጣል። ፍሳሹን ካያችሁ ወርዳችሁ ጠይቋቸው። እነሱ መጥተው ከሚያንኳኩ እናንተ ብትቀድሙ ይሻላል።

ሱቅ ስትሄዱ

አሮጌውን ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ። ይህን አስምሩበት። «የፍላሽ ጎማ ስጠኝ» ብሎ በእጅ እያሳዩ መግዛት መመላለስ ነው። የመልቀቂያ ቀለበት በዓይን ተመሳሳይ ሆኖ በ3 ሚሊ ሜትር ይለያያል። መርካቶም ሆነ ሰፈራችሁ ያለው የህንጻ ዕቃ መደብር፣ አሮጌውን ካዩ ሻጮቹ ወዲያው ያውቁታል። የታንኩን ውስጥ ፎቶም አሳዩ። ቀለበቱ ለብቻው ካልተገኘ ሙሉ መልቀቂያ መግዛት ግድ ይሆናል፤ ያኔ የቁመቱን ልክ ይዛችሁ ሂዱ። ክዳኑ አልገጥም እንዳይል።

ባለሙያ መጥራት ያለባችሁ

ሴራሚኩ ከተሰነጠቀ። ሲሊኮን ብትቀቡት ለጥቂት ቀን ነው፤ ታንኩ ይቀየራል። ታንኩ ግድግዳ ውስጥ የተቀበረ ከሆነና ብልሽቱ በቁልፉ ቀዳዳ በኩል የማይደረስበት ከሆነ። ግድግዳው ራሱ ከረጠበ። መቀመጫው ከወለሉ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ፍላሽ ሲደረግ ብቻ ውሃ ከወጣ ደግሞ ያ የታንክ ውሃ አይደለም፣ ከመቀመጫው የሚወጣ ቆሻሻ ውሃ ነው፤ መቀመጫውን ማንሳት ይጠይቃል። ባለሙያው ሲመጣ ግን የለያችሁትን ንገሩት። «በግማሽ ሰዓት 4 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል፣ መሙያው ደህና ነው» ስትሉት የማያስፈልግ ዕቃ አያስገዛችሁም።

ከጨረሳችሁ በኋላ

አዲስ አበባ ውስጥ የውሃ ታሪፍ ደረጃ በደረጃ የሚጨምር ነው። ብዙ በተጠቀማችሁ ቁጥር የአንዱ ሜትር ኩብ ዋጋ ከፍ ይላል። የእኛ ታንክ በወር ወደ 3 ሜትር ኩብ ያፈስስ ነበር። ጥገናው መሳካቱን በቢል እስክታዩ አትጠብቁ። ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ቧንቧዎችን በሙሉ ዝጉና የቆጣሪውን ቁጥር ጻፉ። ጠዋት ማንም ውሃ ሳይነካ እዩት። ሮቶ ያላችሁ ግን ማታ ሮቶው ሞልቶ ካልነበረ ሌሊት ሲሞላ ቆጣሪው ይንቀሳቀሳል፤ ያ ፍሳሽ አይደለም። እናንተ የእርሳሱን ምልክት እመኑ።

ከዚያ በየመገጣጠሚያው ሥር አንድ አንድ ሶፍት አንጥፋችሁ ተኙ። እህቴ ጠዋት ቀድማኝ ገብታ ነበር። ሦስቱንም ሶፍት ይዛ ወጣች። ደረቅ ነበሩ።